ዕቃውን ማን ይክተተው?

ሰላም አንባቢዎቻችን፣ ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ቦታ ነው የሚያደርሱን፣ ሱፐርማርኬት ካሸር ጋ፣ ዕቃው ቢፕ ቢፕ እያለ ካለፈ በኋላ የሚጠራቀምባት ያቺ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ። ስንት ሰው እዛ ጋ ተኳርፎ እንደሚወጣ አሁን ታነቡታላችሁ። አምስቱን መርጠናል፣ አንዳንዱ ረዝሟል አንዳንዱ ደግሞ ብዙም የሚያስወራ ስላልሆነ ቶሎ አልፈነዋል።

ጥያቄ፦ ብዙ አመት ጀርመን ኖሬ ተመልሼ አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ነው ያለሁት። እዛ ዕቃሽን ራስሽ ነሽ የምትሰበስቢው፣ ካሸሯ እንደሆነች ዞር ብላም አታይሽ። እዚህ እንደለመድኩት ፌስታል አንስቼ መክተት ስጀምር ከጎን የቆመው ልጅ "ማዘር ይተዉት እኔ አለሁ" አለኝ (ማዘር ማለቱ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው)፣ እኔም "ችግር የለውም ለምጄዋለሁ" ብዬ ቀጠልኩ፣ ልጁና ካሸሯ ተያዩ፣ ከኋላዬ ያሉ ሴትዮ ደግሞ ቀስ ብለው "የሰው እንጀራ አትዝጊ እንጂ" አሉኝ። ምን አጠፋሁ? ሰው እንዲያገለግለኝ አለመፈለግ ነውር ነው እንዴ? ተመላሿ ነኝ

መልስ፦ እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ። ነውር አልሰራሽም፣ ሴትየዋም ግን ዝም ብለው አልተናገሩም።

ምን መሰለሽ፣ አንቺ እዛ የለመድሽው ነገር ትህትና ሳይሆን የሱቁ ስሌት ነው። እነ አልዲ የሚባሉት የጀርመን ሱፐርማርኬቶች ከመነሻቸው ሰራተኛ አሳንሰው ዋጋ ለመቀነስ ነው የተሰሩት፣ ካሸሯ ቁጭ ብላ በፍጥነት ታሳልፋለች፣ ከሷ ወዲያ ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ዕቃሽን ወደ ጋሪው ጠርገሽ ዞር ትያለሽ ከዛ ግድግዳ ጋ ያለው መደርደሪያ ላይ ተረጋግተሽ ትከቻለሽ፣ እዛ ጋ እንጀራው የሚዘጋበት ሰው ስለሌለ ማንም ቅር አይለውም። ጃፓንም እንደዚሁ ከከፈልሽ በኋላ የምትከቺበት የተለየ ጠረጴዛ አለ። አሜሪካ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ ፍሎሪዳ ላይ የበዛው ፐብሊክስ የሚባለው ሱፐርማርኬት ጋ ሰራተኞቹ ይከቱልሻል መኪናሽ ድረስም ይሸኙሻል ቲፕ ግን አይቀበሉም፣ እዛው አሜሪካ የጦር ሰፈር ውስጥ ያሉት ለወታደር ቤተሰብ የሚሸጡት መደብሮች ጋ ደግሞ ዕቃ የሚከቱት ሰዎች ከመደብሩ ደሞዝ የላቸውም፣ የሚኖሩት በቲፕ ብቻ ነው። ፐብሊክስ ጋ ብር ብትሰጪ "አይ አመሰግናለሁ" ትባያለሽ፣ ጦር ሰፈሩ ጋ ሳትሰጪ ብትሄጂ የሰው የቀን ገቢ ይዘሽ ሄድሽ ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሁሌም "ራሴ ልክተት ወይስ አልክተት" ሳይሆን "እዛ ጋ የቆመው ሰው በምን ተዋውሎ ነው የቆመው" የሚለው ነው።

እኛ ጋ ልጁ የተቀጠረው ለዛ ነው። አንቺ ዝም ብለሽ ስራውን ስትቀሚው እሱ ትህትናሽን አይደለም የሚያየው፣ ከወዲያ ማዶ ቆሞ የሚያየውን ሱፐርቫይዘር ነው፣ ሱፐርቫይዘሩ የሚያየው ደግሞ ደንበኛዋ ስትከት እጁን ዘርግቶ የቆመ ልጅ ነው፣ ማታ ላይ "ምን ስትሰራ ነበር" መባሉ አይቀርም። ካሸሯና ልጁ የተያዩት ለዚህ ሊሆን ይችላል። ቲፑም አለ፣ ራሷ የከተተች ሰው ቲፕ አትሰጥም ብለው ነው የሚያስቡት፣ ብዙ ጊዜም እውነታቸውን ነው።

ይሄ ማለት ግን እጅሽን አጣጥፈሽ ጥሪ ላይ እንደመጣ እድምተኛ ቁሚ ማለት አይደለም። እኔን ከምንም በላይ የሚያበሽቀኝ እሱ ነው፣ ልጁ አንድ ጋሪ ሙሉ ዕቃ ለብቻው ሲታገል ባለቤቱ ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች እየገፋ ቲክቶክ ያያል፣ ከኋላ ሰልፉ እስከ ሩዝ መደርደሪያው ደርሷል። መሃል ያለው መንገድ ቀላል ነው፣ ገና ልጁ ዕቃ ሳይነካ "አብረን እንክተተው፣ አንተ ከባዱን ያዝ እኔ እንቁላሉንና ዳቦውን ልያዝ" በይው፣ በቃ። አንቺም ሰው አላዘዝሽም እሱም ስራውን አልተቀማም። ብቻዬን ነው መክተት የምፈልገው ካልሽም መብትሽ ነው፣ የራሴ አደራደር አለኝ የምትል ሴት አውቃለሁ ማንም አይነካባትም፣ ግን እሷ መጀመሪያ ትናገራለች፣ ቲፑንም እንደዛው ትሰጣለች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ሁሉ ልጁ ካለ ነው። ማታ ከ11 ሰአት ተኩል በኋላ ሰው ከስራ ሲወጣ፣ የበዓል ዋዜማማ አታንሺው፣ አንድ ልጅ ለሶስት ካሸር እየተሯሯጠ ነው የምታገኚው፣ ያኔ ፌስታሉን አንስተሽ መክተት ነው እንጂ ልጁ እስኪደርስ መጠበቅ ከኋላሽ ያለውን ሰው ሁሉ መቅጣት ነው። የጀርመኑ ልምድሽ ያኔ ይጠቅመናል፣ እኛንም አስተምሪን፣ ምክንያቱም እኛ ሰዎች ካሸሯ እያሳለፈች ዝም ብለን አይተን አይተን ከከፈልን በኋላ ነው "ውይ ለካ መከተት አለበት" የምንለው።

ጥያቄ፦ እኔ ከጠረጴዛው በዛኛው በኩል ነኝ፣ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱፐርማርኬት ዕቃ የምከተው እኔ ነኝ። ሶስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ እኔ ጨርሼ ቋጥሬ ከሰጠሁት በኋላ እዛው ፊቴ ሁሉንም አውጥቶ እንደ አዲስ የሚከት ደንበኛ አለ፣ ሰው ፊት ያሳፍራል። ሁለተኛ፣ "እስከ ታክሲ አድርስልኝ" ብለው ስድስት ፍሬ ውሃና ዘይት አሸክመውኝ ዳገቱን ከወጣሁ በኋላ "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው በሩን ይዘጋሉ። ምርቃት አልጠላም ግን ምሳ አይሆንም። ሶስተኛ፣ ቲፕ መጠበቅ ራሱ ነውር ነው የሚል ጓደኛ አለኝ፣ ደሞዝ አለህ አይደል ይለኛል። እሱ ባንክ ነው የሚሰራው። ከታቹ

መልስ፦ ወንድሜ ከታቹ፣ ከሁለተኛው ልጀምር እሱ ስላናደደኝ።

መርካቶ ሰው ዕቃ ሲያሸክም መጀመሪያ ዋጋ ይነጋገራል፣ "እስከ አውቶቡስ ተራ ስንት ታደርሰኛለህ"፣ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ፣ ያልቃል። ማንም አይሸማቀቅም። ሱፐርማርኬት ጋ ግን ነገሩ መስታወትና መብራት ስላለው ሁሉም ሰው ዋጋ መናገር ያፍራል፣ አንተ ስንት ነው አትልም፣ ደንበኛው ስንት ልስጥህ አይልም፣ ከዛ ታክሲው በር ላይ ስትደርሱ ሁለታችሁም ተፋጣችሁ ትቆማላችሁ። እኔ የምለው እንዲህ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ መክተትና በር ድረስ ማድረስ የሱቁ ስራ ነው፣ ለዛ ደሞዝ አለህ፣ ቲፕ ቢሰጥህ ጥሩ ባይሰጥህ ደግሞ ማኩረፍ የለብህም። ከበሩ አልፎ ሄዶ መንገድ ተሻግሮ ዳገት ወጥቶ ታክሲ ድረስ ግን የሱቁ ስራ አይደለም፣ እሱ ላንተ የተጠየቀ ውለታ ነው፣ ውለታ ጠይቆ ባዶ እጅ መሸኘት ደግሞ የትም ሀገር ነውር ነው። አንተም ስትጠየቅ እየሳቅክ "እሺ ጋሼ፣ ሻይ እንኳን ካሉኝ" ብትል ማንም አይቀየምህም፣ መንገድ ሳትጀምሩ ነው ግን፣ ደርሰህ አይደለም። ከስራ ቦታህ መራቅህንም ለሱፐርቫይዘርህ ንገረው፣ በኋላ የት ሄደህ ነበር እንዳትባል።

ለአንባቢዎች ደግሞ ስንት ይሰጥ ለምትሉ፣ የኔ ግምት ነው እንግዲህ ህግ አይደለም፣ ሁለት ሶስት ፌስታል ለከተተ 20 ብር፣ መኪና ድረስ ለተሸከመ 50፣ ዳገት ካለው እንደ ዳገቱ። ዝርዝር የለኝም የሚል ሰው ቴሌብር አለው፣ ከ2013 ግንቦት ጀምሮ አለ፣ ዳቦ ለመግዛት የሚሰራ ስልክ ቲፕ ለመስጠትም ይሰራል። አንድ ነገር ብቻ እባካችሁ፣ ካሸሯ በመልስ ፋንታ የሰጠቻችሁን ማስቲካ ለልጁ ቲፕ ብላችሁ አታስተላልፉ። አይቻለሁ ይሄን ሲደረግ።

ጓደኛህን በሚመለከት፣ ደሞዝ አለው ማለት በቂ ደሞዝ አለው ማለት አይደለም። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ 1156/2011 ዝቅተኛ ደሞዝ የሚወስን የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፣ ቃሉ ወረቀቱ ላይ አለ፣ ያንተ ደሞዝ ግን ዛሬም አንተና ቀጣሪህ እንደተስማማችሁት ነው፣ ስራ የሚፈልግ ልጅ ደግሞ ምን ያህል መስማማት እንደሚችል እናውቃለን። ቲፕ መጠበቅ ነውር አይደለም። ነውሩ ቲፕ የሰጠውንና ያልሰጠውን ለይቶ በሚቀጥለው ሲመጣ እንቁላሉን ከታች መክተት ነው (አንተን አላልኩም)።

አሁን ወደ አንደኛው፣ እዚህ ላይ ካንተም ትንሽ አለብህ ወንድሜ እንዳትቀየመኝ። ሰው የከተትከውን አውጥቶ እንደገና የሚከተው ሊያሳፍርህ ፈልጎ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በምን እንደሚሄድ ማንም ስላልጠየቀው ነው። በመኪና የሚሄድና በሚኒባስ የሚሄድ ሰው አንድ አይነት አይከተትላቸውም። የመኪናው ሰው ፌስታሉ ቢከብድም ግድ የለውም የኋላ ኮፈን ውስጥ ገብቶ ከዛው ነው የሚወርደው፣ ይልቅ ፌስታሉ እንዳይገለበጥ ታቹ ሰፊ ይሁን። ከሜክሲኮ ጦር ኃይሎች ቆማ የምትሄድ ሴት ግን በሁለት እጇ እኩል የሚመዝን ሁለት ፌስታል ነው የምትፈልገው፣ አንድ ከባድና አንድ ባዶ የሚመስል ስትሰጣት ትከሻዋ ተጣሞ ነው የምትወርደው፣ ደግሞ ሶስተኛ ፌስታል ካበዛህባት ወያላው "እቃ አለ ይከፈላል" ይላታል። በእግሯ የምትሄድ ደግሞ የፌስታሉ ጆሮ ጣቷን ስለሚቆርጣት ድርብ ይሁንላት። "በታክሲ ነው በመኪና?" ብለህ ካሸሯ እያሳለፈች ጠይቅ፣ ሁለት ቃል ነው፣ መልሰው የሚያወጡብህ ሰዎች ሲቀንሱ ታያለህ።

የቀረውን ታውቀዋለህ ግን ደንበኞችም እንዲሰሙት ልበለው። ከታች ጣሳ፣ ስኳር፣ ሩዝ፣ ፓስታ። ጠርሙስ ከጠርሙስ አይነካካ፣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሁለት አጠገብ ለአጠገብ ከከተትክ ደረጃ ላይ አንዱ አንዱን ይሰብረዋል፣ መሃሉ ላይ ሶፍት ወይ ፓስታ ሸጉጥ። የላስቲክ ወተት የግማሽ ሊትሯ ቀላል ነገር ትመስላለች ግን ጥጓ አንዴ ከተቀደደ ሁሉም ነገር ወተት ይጠጣል፣ ለብቻዋ ትንሽ ፌስታል ይገባታል፣ አጠገቧ ሹል ነገር አታድርግ። በረኪናና ኦሞ ከምግብ ጋ በጭራሽ፣ በረኪና ክዳኑ ላልቶ ከፈሰሰ ዳቦው ተጣለ ማለት ነው፣ ባይፈስም ሳሙና አጠገብ ያደረ ዳቦ ሳሙና ሳሙና ይላል። ጥሬ ዶሮና ስጋ ለብቻ፣ ደሙ ሰላጣ ላይ ከወረደ ሰላጣው ሳይበስል ነው የሚበላውና ሆድ ያማል። ከፍሪዘር የወጡትን አንድ ላይ አድርጋቸው እርስ በርስ ይቀዛቀዛሉ፣ ቤት እስኪደርሱ ቶሎ አይሟሙም። እንቁላል ከላይ።

እና እንጀራ። እንጀራ ታጥፎ ፌስታል ውስጥ ቆሞ ሲሄድ ማየት አልችልም፣ እንዳለ ጠፍጣፋውን ከሁሉም በላይ ይተኛ ወይም ደንበኛዋ በእጇ ትያዘው። ክረምት ላይ ደግሞ የወረቀት ቦርሳ የሚሰጡ ሱቆች እየበዙ ነው፣ የወረቀት ቦርሳ ውስጥ የቀዘቀዘ ዕቃ ከገባ ላቡ ወረቀቱን ያርሰዋል፣ ውጪ ዝናቡ ይጨምርበታል፣ ከስታዲየም ሳታልፍ ታቹ ይከፈታል። መጀመሪያ የቀዘቀዘውን በላስቲክ ጠቅልለው ከዛ ወረቀቱ ውስጥ።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፣ ካዛንቺስ ነበርኩ አሁን ወደ ሌላ ሰፈር ገብቻለሁ ግን ዕቃ የምገዛው እዛው መሃል ከተማ ነው። ፌስታል ተከልክሏል ሲባል ስሰማ ከቤት የራሴን ዘንቢል ይዤ መሄድ ጀመርኩ። በር ላይ ያለው ጥበቃ "ጋሼ እሱን እዚህ ያስቀምጡ" ብሎ ቁጥር የተጻፈባት ካርድ ይሰጠኛል። ከዛ ካሸር ጋ ስደርስ ዘንቢሌ በር ላይ፣ ዕቃዬ ጠረጴዛ ላይ፣ እኔ መሃል ላይ። ልጁ ዕቃውን ፌስታል ውስጥ ከቶ ይሰጠኛል፣ ዘንቢሌን ባዶዋን ይዤ እመለሳለሁ። እንደ ሌባ መታየቱም ደስ አይልም። ምን ላድርግ? አባት ነኝ ከመሃል ከተማ

መልስ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ሳቅኩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን ያስቃል እኮ።

ህጉን በተመለከተ የሰሙት እውነት ነው። ድሮም ቢሆን አዋጅ 513/1999 ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጡትን ስስ ፌስታሎች ከልክሎ ነበር፣ ማንም ግን ፌስታል በሚሊሜትር ለክቶ አያውቅም። በ2017 ፓርላማው ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ግን ጠንከር ያለ ነው፣ ፌስታል ይዞ የተገኘ ግለሰብ ላይ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት አስቀምጧል፣ ለአምራቹና ለነጋዴው ደግሞ ከዚህ በጣም የከበደ። ሩዋንዳ በ2008 ኬንያ ደግሞ በ2017፣ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ይሄን መንገድ ጀምረውታል፣ እና ዘንቢል ይዘው መሄድዎ ጨዋታ አይደለም፣ እርስዎ ከብዙዎቻችን ቀድመዋል።

ጥበቃውን ግን አይቀየሙት። እሱ የተነገረው "ቦርሳ ይዞ የሚገባ የለም" ተብሎ ነው፣ ዘንቢልና የሴት ቦርሳ እንዲለይ ማንም አላስተማረውም፣ ዕቃ ከጎደለ ደግሞ ከሱ ደሞዝ የሚቆረጥበት ቦታ አለ። የሚሰራው ዘዴ ይሄ ነው፣ ዘንቢል በሩቁ ስለሚታይና አፉም ስለማይከደን ያስፈራል፣ በሱ ፋንታ ተጣጥፎ ኪስ የሚገባ የጨርቅ ወይ የሸራ ቦርሳ ይያዙ፣ በር ላይ ሲደርሱ ራስዎ ቀድመው ያውጡት፣ ባዶ መሆኑን ገልብጠው ያሳዩትና "ልጄ ይሄ ዕቃ መክተቻዬ ነው፣ ጋሪው ላይ አነጥፈዋለሁ" ይበሉት። ቀድሞ የሚናገርን ሰው ጥበቃ ብዙም አያስቸግርም፣ ብዙ ቦታ ደግሞ ይሰራል። አይሆንም ካለ ደግሞ ዘንቢሉን ያስቀምጡ፣ ካሸር ጋ ሲደርሱ ግን ለልጁ ገና ሳይጀምር "ፌስታል አልፈልግም፣ ጋሪው ላይ መልስልኝ" ይበሉትና በር ላይ ሄደው ይክተቱት፣ ደረሰኙን በእጅዎ ይያዙ። ጀርመኖቹ የሚያደርጉት እሱኑ ነው ከላይ እንዳነበቡት።

አንድ ነገር ግን አያድርጉ፣ ከመደርደሪያው ላይ እያነሱ በቀጥታ በራስዎ ቦርሳ ውስጥ አይክተቱ። ሳይከፈልበት ዕቃ የሚገባው በሱቁ ቅርጫት ውስጥ ነው፣ እርስዎ ቀና ሰው ነዎት ግን ካሜራው ያንን አያውቅም። የቦርሳ ጥያቄ ከሌለበት ቦታ መግዛት ከፈለጉ ደግሞ የእሁድ ገበያ አለልዎት፣ እዛ ዘንቢልዎን ከፍተው ይያዙ እንጂ ሽንኩርቱን ሻጭዋ ራሷ ትገለብጥልዎታለች።

ለሱቅ ባለቤቶች ደግሞ እዚህ ጋ አንድ ቃል፣ ካሸሩ ጋ "ፌስታል አካባቢን ይበክላል" የሚል ወረቀት ለጥፎ በር ላይ የሰውን የጨርቅ ቦርሳ መቀማት አንድ ላይ አይሄድም። ወይ ወረቀቱን አንሱት ወይ ጥበቃውን አነጋግሩት።

ጥያቄ፦ ሁዳዴ ላይ ለእናቴ ሽሮ፣ ሱፍ፣ የጾም ብስኩት ገዝቼ፣ ለራሴ ደግሞ (እውነቱን ልንገራችሁ) ዶሮና አይብ ገዝቼ ልጁ ሁሉንም አንድ ፌስታል ውስጥ ከተተው። ቤት ስደርስ ዶሮው ብስኩቱ ላይ አልቧል፣ እናቴ አልነካም አለች፣ ሌላ ጸብ። ልጁን መጠየቅ ነበረብኝ? ተገሳጿ

መልስ፦ ልጁ ምን ያውቃል የኔ እህት፣ አንድ ሰው ናት የቆመችው፣ የማን ጾም የማን ፍስክ እንደሆነ ግንባርሽ ላይ አልተጻፈም። ይሄ ካሸሩ ጋ ሳይደርስ የሚያልቅ ነገር ነው፣ ዕቃሽን ስታስቀምጪ በቡድን አስቀምጪው፣ የእናትሽ መጀመሪያ፣ መሃሉ ላይ ክፍተት፣ ከዛ ያንቺ። ሲያልፍም በዛው ቅደም ተከተል ስለሚያልፍ ልጁ አንዱን ፌስታል ሞልቶ ሲጨርስ "ይሄ ለብቻው ይሁንልኝ የጾም ነው" ማለት ብቻ ነው የሚቀርሽ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ ፍልሰታ 15 ቀን ይመጣል፣ ከነዚህ ውጪም ረቡዕና አርብ አለ፣ ስለዚህ ልመጂው። ልጁም ባይጾም ሙስሊምም ቢሆን ነገሩን በደንብ ያውቀዋል፣ ስጋ ሲገዛ የማን ቤት ስጋ እንደሆነ የሚጠይቅ ደንበኛ በየቀኑ ያየዋል፣ አያፍርብሽም አትፈሪ። ዶሮው ግን ጾም ባይሆንም ለብቻው ነበር መሆን የነበረበት፣ እሱን ለከታቹ ከላይ ነግሬዋለሁ።

የእናትሽን ነገር በተመለከተ አዲስ ብስኩት ግዢላት።

ጥያቄ፦ ካሸር ጋ እኔ ስከት ባለቤቴ ይከፍላል፣ ጥሩ ይመስላል አይደል? ግን የሚከፍለው እኔ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ስልኩን ያወጣል፣ ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ፒኑን ይረሳል፣ "ሜሴጅ ደረሰሽ?" ይላታል ካሸሯን፣ አልደረሰም ትላለች። ሰው ከኋላ ሲያጉረመርም እኔ ነኝ የማፍረው። ከሜክሲኮ

መልስ፦ ካሸሯ ማሳለፍ ስትጀምር መተግበሪያውን ይክፈት፣ ፒኑን ያስታውስ፣ ኔትወርክ ከሌለ ደግሞ ያኔ ይታወቃል ካርድ ወይም ጥሬ ብር ያዘጋጃል። ድምሩ እስኪታወቅ የሚቀረው ቁጥሩን መጻፍ ብቻ ይሁን። ከፍሎ ሜሴጁ እስኪደርስ በሚጠብቁበት ጊዜ ደግሞ ሁለታችሁም ከጠረጴዛው ፊት ዞር በሉ፣ ዕቃችሁን ወደ ጥግ አድርጉትና ቀጣዩ ሰው ዕቃውን ያስቀምጥ፣ ካሸሯ ዕቃ እያሳለፈች ስልኳን ማየት ትችላለች።

ያም ካልሰራ ቦታ ተቀያየሩ፣ አንቺ ክፈይ እሱ ይክተት። እንቁላሉን ግን አንቺ ያዢው።